ዊንዶውስ 10 ላይ የቀረ ላፕቶፕን ወደ ሊኑክስ አዙሮ ጌም መጫወት

ታናሽ ወንድሜ ላፕቶፑን አቅፎ መጣ። "ዊንዶውሱ ጊዜው አልፏል ይለኛል፣ ወደ 11 ልውሰደው ስል ደግሞ ማሽንህ አይችልም አለኝ" አለ። ኮር አይ5 ነው፣ ሰባተኛ ትውልድ። 8 ጂቢ ራምና ጂቲኤክስ 1050 ግራፊክስ ካርድ አለው። ምንም ያልሆነ፣ ጤነኛ ማሽን። አንድ ምሽት ሙሉ ቁጭ ብዬ ሊኑክስ ጫንኩለት፤ በዊንዶውስ ቦታ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ነፃ ሲስተም ነው። ሁሉም ነገር አማረ። በሥራዬ ኮራ ብዬ ስክሪኑን ወደሱ አዞርኩት። አንድ ጊዜ ገረፍ አድርጎ አየውና "ፊፋስ?" አለኝ።

ፊፋ አልሠራም። ከመጀመሪያውም የሚሠራ አልነበረም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ፍላሹን ከመሰካቴ በፊት ምን እንደሚጫወት መጠየቅ ነበረብኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ። እናንተ በዚያ መንገድ እንዳትሄዱ ቅደም ተከተሉን ላስቀምጥላችሁ። የምጠቀመው ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነው። ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው ስታርት ሜኑውም ታስክ ባሩም የለመደው ቦታ ይጠብቀዋል። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት አንድም ጊዜ አንከፍትም።

ለምን ይህ ሁሉ ጣጣ?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ያቆመው ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው፤ በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018። ለግለሰቦች የአንድ ዓመት የደህንነት ማራዘሚያ አለ። እሱም ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ያበቃል። ኮምፒውተሩ በማግስቱ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ጌሙም ይከፈታል። ግን ከዚያ በኋላ የሚገኝ የደህንነት ቀዳዳ አይደፈንም። ኢሜይላችሁና ስቲም በሚባለው የጌም መግዣና ማውረጃ ፕሮግራም ላይ ያለው አካውንታችሁ ያሉት እዚያው ማሽን ላይ ነው። ቀስ በቀስ ፕሮግራሞቹም ይሸሻሉ። ስቲም ዊንዶውስ 7ን እና 8ን የተሰናበታቸው ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ነበር፤ የ10ም ተራ መምጣቱ አይቀርም።

ዊንዶውስ 11 ደግሞ መራጭ ነው። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአመዛኙ የሚቀበለው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። የወንድሜ ላፕቶፕ በአንድ ትውልድ ነው የወደቀው።

ሊኑክስ ላይ ጌም እንዴት እንደሚሠራ በጥቂቱ ልንገራችሁ፤ በኋላ ችግር ሲመጣ ይጠቅማችኋል። ለዊንዶውስ የተሠራ ጌም ግራፊክስ ካርዱን የሚያናግረው ዳይሬክትኤክስ በሚባል ቋንቋ ነው። ሊኑክስ ያን ቋንቋ አይሰማም። ስለዚህ መሀል ላይ አስተርጓሚ ይቆማል። ዋይን የሚባለው ፕሮጀክት ይህን ሥራ በ1993 ጀመረ። የስቲም ባለቤት ቫልቭ በ2018 ዋይን ላይ ተመሥርቶ ፕሮቶን የሚባለውን አወጣና ስቲም ውስጥ ከተተው። በ2022 የወጣው ስቲም ዴክ የሚባለው በእጅ የሚያዝ ጌም መጫወቻም ሊኑክስ ነው፣ ጌሞቹንም የሚያስነሳው በዚሁ በፕሮቶን ነው። ዛሬ ብዙው ተጫዋች በአስተርጓሚ እየተጫወተ መሆኑን እንኳ አያውቅም።

አስተርጓሚው የማያልፈው አንድ በር አለ። የማጭበርበር መከላከያ፣ ማለትም አንቲቺት። አንዳንዶቹ ዊንዶውስ ሥር ድረስ ገብተው ካልተቀመጡ ጌሙን አይከፍቱም። ሊኑክስ ላይ የሚቀመጡበት ዊንዶውስ የለም።

ደረጃ 1፦ ወረቀትና እስክሪብቶ

የምትጫወቷቸውን ጌሞች ጻፉ። በእውነት የምትጫወቷቸውን። ገዝታችሁ ያልከፈታችኋቸውን ተዉአቸው።

ከዝርዝሩ ውስጥ ከእነዚህ አንዱ ካለ ቆም በሉ። ቫሎራንት፣ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ፣ ፎርትናይት፣ ፐብጂ፣ ሬይንቦ ሲክስ ሲጅ፣ አፔክስ ሌጀንድስ፣ አዲሶቹ የኮል ኦፍ ዱቲ ኦንላይን ጌሞች። ሊኑክስ ላይ አይሄዱም። አፔክስ ይሠራ ነበር፤ በ2024 መጨረሻ አካባቢ ዘጉት። ጂቲኤ 5 ታሪኩን ብቻ ለሚጫወት ይሠራል፣ ኦንላይኑ ግን ተዘግቷል። ፊፋን በተመለከተ ከፊፋ 23 ጀምሮ ያሉት፣ ስሙ ተቀይሮ ኤፍሲ 24፣ 25 እያለ የቀጠለውም ጭምር፣ የአሳታሚውን አንቲቺት ይዘው ስለሚመጡ አይከፈቱም። ከጓደኛ ጋር አንድ ሶፋ ላይ ብትጫወቱም ያው ነው።

ሌላውን ጌም ሁሉ ፕሮቶንዲቢ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። ተጫዋቾች እዚያ ጌሙ በማሽናቸው ላይ እንዴት እንደሠራ ይጽፋሉ። ደረጃው ከፕላቲነም ይጀምራል፤ ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስ እያለ ይወርዳል፤ መጨረሻ ላይ "አይሠራም" አለ። ፕላቲነምና ወርቅ ከሆነ አትጨነቁ። ብር ከሆነ አስተያየቶቹን አንብቡ፣ በተለይ የናንተን ዓይነት ግራፊክስ ካርድ ያላቸው ሰዎች የጻፉትን። ካውንተር ስትራይክ 2 እና ዶታ 2 አስተርጓሚም አያስፈልጋቸውም፤ ለሊኑክስ ራሱ ተሠርተዋል።

ዋናው ጌማችሁ ከማይሠሩት ውስጥ ከሆነ እዚህ ጋ ማቆም ነውር የለውም። ወይም ዊንዶውሱን ሳታጠፉ ሊኑክስን ጎኑ ላይ መጫን ትችላላችሁ፤ እሱን ደረጃ 5 ላይ አነሳዋለሁ።

ደረጃ 2፦ ማሽኑን ማወቅ

ዊንዶውሱ ገና ሳይነካ ታስክ ማናጀርን ክፈቱና "ፐርፎርማንስ" የሚለው ውስጥ ግቡ። ከታች በኩል "ጂፒዩ" ይላል፤ ስሙን ጻፉት።

ኤኤምዲ ወይም ኢንቴል ከሆነ ድራይቨሩ ሊኑክስ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ኢንቴል ብቻ ያለው ላፕቶፕ ከስድስተኛ ትውልድ ጀምሮ ካለ ለቀላል ጌሞች ይበቃል። ከዚያ በታች ያለው ለአሮጌ ጌም ነው። ኤንቪዲያ ከሆነ ጂቲኤክስ 750ም ይሁን የ900ና የ1000 ተከታታዮች፣ ከዚያ በላይም፣ ችግር የለም። ጂቲ 710ን የመሳሰሉት የ600ና የ700 ካርዶች ግን አዲሶቹ ፕሮቶኖች የሚፈልጉትን አያሟሉም። ለእነሱ መላ አለ፤ ቆዩኝ።

ራሙ 8 ጂቢ ቢሆን ጥሩ ነው። አሁንም ሀርድ ዲስክ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ለማሽኑ ልትውሉለት የምትችሉት ትልቁ ውለታ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ መግጠም ነው። ሊኑክስ የዲስኩን ፍጥነት አይለውጥም።

ደረጃ 3፦ ሳይቃጠል በቅጠል

ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ፈልጉ። ከጓደኛም ቢሆን ተዋሱ።

ፎቶና ሰነድ መገልበጥ እንዳለባችሁ ልነግራችሁ አይገባም። ሰው የሚረሳው የጌም ሴቭ ነው። ብዙ የስቲም ጌሞች ሴቩን በራሳቸው ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጣሉ። ይህን ለማረጋገጥ ላይብረሪ ውስጥ የክላውድ ምልክት መኖሩን እዩ። የሌላቸው ሴቭ የሚገኘው "ዶክዩመንትስ" ውስጥ "ማይ ጌምስ" የሚለው ፎልደር፣ "ሴቭድ ጌምስ" ወይም የተደበቀው "አፕዳታ" ውስጥ ነው። ሦስቱንም እንዳሉ ገልብጧቸው። በኋላ ከማልቀስ ይሻላል።

ቀጥሎ የጌሞቹ ፋይሎች። የስቲም ፎልደር ውስጥ "ስቲምአፕስ" አለ፤ እሱ ውስጥ "ኮመን"። ጌሞቹ በስም በስማቸው እዚያ ተቀምጠዋል። ቦታ ካላችሁ ገልብጡት። አንድ የዘመኑ ጌም 60 እና 100 ጂቢ በሚፈጅበት ጊዜ በሞባይል ዳታ እንደገና ማውረድ ማለት ጌሙን ሁለተኛ እንደመግዛት ነው። ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሊኑክስ ላይም ያገለግላሉ።

አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። አንዳንድ ላፕቶፕ ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው ተቆልፎ ነው የሚመጣው፤ ባለቤቱ ሳያውቀው። ሴቲንግስ ውስጥ "ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን" ብላችሁ ፈልጉ። በርቶ ከሆነ አጥፉትና ቁልፉን ፈትቶ እስኪጨርስ ጠብቁ። ይህን ሳታደርጉ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ውስጥ ገብታችሁ ከነካካችሁ፣ ዊንዶውስ 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ አምጡ ብሎ ሊያፋጥጣችሁ ይችላል።

ዊንዶውሱን የማታጠፉ ከሆነ "ፋስት ስታርትአፕ" የሚለውንም አጥፉ። እሱ ካልጠፋ ኮምፒውተሩን ስታጠፉት ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ዲስኩን እንደያዘው ስለሚቆይ ሊኑክስ ሊጽፍበት አይችልም።

ደረጃ 4፦ ፍላሹን ማዘጋጀት

8 ጂቢና ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ያዙ። ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ከሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ "ሲናመን" የሚባለውን አውርዱ። 3 ጂቢ ይጠጋል። ኔቱ የሚቆራረጥ ከሆነ በቶረንት አውርዱት፤ ከቆመበት ይቀጥላል።

ፋይሉን ፍላሹ ላይ ዝም ብሎ መገልበጥ አይሠራም። ሩፈስ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም አውርዱና ክፈቱት። ከላይ ፍላሹን ምረጡ፣ ያወረዳችሁትን ፋይል ስጡት፣ ሌላውን ባለበት ትታችሁ "ስታርት" በሉት። ጥያቄ ካመጣ ራሱ የመከረውን ተቀበሉ። የተሰካ ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ካለ በፊት ንቀሉት፤ የሰው ዓይን ሲደክም ስም ይሳሳታል።

ደረጃ 5፦ ማስነሳት፣ መሞከር፣ መጫን

ፍላሹን እንደሰካችሁ ሪስታርት አድርጉ። ማሽኑ ሲነሳ የማስነሻ ዝርዝር የሚያመጣውን ቁልፍ ደጋግሙ። ዴልና ሌኖቮ ላይ ብዙውን ጊዜ ኤፍ12 ነው፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9። ከዝርዝሩ ፍላሹን ምረጡ። ኤንቪዲያ ያለው ማሽን ላይ ሊኑክስን ብቻ የምትጭኑ ከሆነ ባዮስ ውስጥ "ሴኪዩር ቡት" የሚለውን አጥፉት። ሳያጠፉም ይቻላል፣ ግን ድራይቨሩ ሲጫን አንድ ተጨማሪ የፓስወርድ ሥርዓት ይመጣና ጀማሪ ግራ ይጋባል።

ጥቂት ቆይቶ ዴስክቶፑ ይመጣል። ይህ ገና ከፍላሹ ላይ እየሠራ ያለ ነው፤ ዲስካችሁ አልተነካም። አሁን አትቸኩሉ። ዋይፋይ ይያዛል? ድምፅ ይሰማል? የስክሪኑ ብርሃን ይጨምራል ይቀንሳል? ታችፓዱስ? ዋይፋዩ እንቢ ካለ ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ሰክታችሁ "ዩኤስቢ ቴተሪንግ" አብሩ። ሊኑክስ ወዲያው እንደ ኔትወርክ ገመድ ያየዋል። የዋይፋዩ ድራይቨር በኋላ በዚሁ ኔት ሊወርድ ይችላል።

ሁሉም ደህና ከሆነ ዴስክቶፑ ላይ "ኢንስቶል ሊኑክስ ሚንት" የሚለውን ክፈቱ። ቋንቋ፣ ኪቦርድ፣ ከዚያ "መልቲሚዲያ ኮዴክስ" የሚል ሳጥን ይመጣል፤ ምልክት አድርጉበት። ቪዲዮዎችም ፊልሞችም በእሱ ይከፈታሉ።

ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። "ኢሬዝ ዲስክ" የሚለው ዲስኩን በሙሉ ያጠፋል። በሙሉ ሲባል ዲ ድራይቭንም ጭምር ነው። ብዙ ሰው ዲ ድራይቭ ሌላ ዲስክ ይመስለዋል። አብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ግን ሲ ድራይቭም ዲ ድራይቭም አንዱ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ ነው። "ዲ ላይ ስላለ አይጠፋም" ብሎ የሠርግ ፎቶ ያጣ ሰው አውቃለሁ።

ዊንዶውሱ ይቆይ ካላችሁ "ኢንስቶል አሎንግሳይድ" የሚለውን ምረጡ። ከዚያ በፊት ዊንዶውስ ውስጥ "ዲስክ ማኔጅመንት" ከሚለው ቦታ ቆርሳችሁ ባዶ ብታስቀምጡ ይመረጣል። ለጌም ከሆነ ከ100 ጂቢ አታሳንሱ። በኋላ ዊንዶውስ ስትከፍቱ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ልታዩት ትችላላችሁ። ኮምፒውተሩ አልተበላሸም። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፍ አቆጣጠር ይመዘግባል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያን እንደ አዲስ አበባ ሰዓት ያነበዋል። ዊንዶውስ ሰዓት ማስተካከያ ውስጥ "ሲንክ ናው" ብትሉት ይመለሳል።

የሰዓት ክልል አዲስ አበባን ወይም ያላችሁበትን ምረጡ፣ ስምና ፓስወርድ አስገቡ፣ ሻይ አፍሉ። ኤስኤስዲ ላይ ግማሽ ሰዓት እንኳ ላይፈጅ ይችላል። ቻርጀሩ ተሰክቶ ባትሪውም ሞልቶ ይሁን። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከሆነና ሰፈራችሁ መብራት የሚጫወትበት ከሆነ ጠዋት በማለዳ ሥሩት፤ ዲስክ እየተከፈለ ሳለ መብራት መሄድ ቀልድ የለውም።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ሰዓት

"አፕዴት ማናጀር" ክፈቱና ያለውን ሁሉ አዘምኑ። ከዚያ ኤንቪዲያ ያላችሁ "ድራይቨር ማናጀር" ውስጥ ግቡ። "ሬኮሜንድድ" የሚል የተጻፈበትን ምረጡ፣ አስጭኑ፣ ሪስታርት አድርጉ። ከኢንተርኔት ድራይቨር ፈልጎ ማውረድ የዊንዶውስ ልማድ ነው፤ እዚህ ተዉት። ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ከታች ከሰዓቱ አጠገብ የኤንቪዲያ ምልክት ይመጣል። ስትጫወቱ ከዚያ ወደ "ፐርፎርማንስ" ቀይሩት። ይህን ረስቶ "ሊኑክስ ጌም ያንቀራፍፋል" የሚል ሰው ብዙ ነው። ጌሙ የሚሮጠው በደካማው የኢንቴል ግራፊክስ መሆኑን አላየም።

በመጨረሻ "ታይምሺፍት" የሚለውን ክፈቱና አሁን ያለበትን ሁኔታ አንድ ጊዜ አስቀምጡ። ነካክታችሁ ካበላሻችሁት ወደዚህች ቀን ይመልሳችኋል። የግል ፋይላችሁን ግን አያስቀምጥም፣ የሲስተሙን ብቻ ነው።

በአማርኛ ለመጻፍም አትቸገሩም። "ኢንፑት ሜተድ" በሚለው ሴቲንግ አይባስን ጨምሩና አማርኛን ምረጡ። እንደ ድምፁ እየጻፋችሁ ፊደሉ ይወጣል።

ደረጃ 7፦ ስቲምን መጫን

"ሶፍትዌር ማናጀር" ውስጥ ስቲምን ፈልጉ። ሁለት ሊመጣላችሁ ይችላል፤ አንዱ "ፍላትፓክ" የሚል አለበት። የሌለበትን "ሲስተም ፓኬጅ" ምረጡ። ፍላትፓኩም ይሠራል፣ ግን ታጥሮ ስለሚቀመጥ ሌላ ዲስክ ላይ ያሉ ጌሞችን እንዲያይ ማስፈቀድ ይጠይቃል።

በአካውንታችሁ ግቡ። "ሴቲንግስ" ውስጥ "ኮምፓቲቢሊቲ" የሚል አለ። ሁሉንም ጌም በፕሮቶን አስነሳ የሚል ማብሪያ ካገኛችሁ አብሩት። አዲሶቹ የስቲም ስሪቶች ላይ በራሱ በርቶ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ አንድ ትንሽ ነፃ ጌም አውርዳችሁ ክፈቱ። "ቩልካን ሼደሮችን በማዘጋጀት ላይ" የሚል መስኮት ይመጣና መቶኛ ይቆጥራል። ተበላሸ ብላችሁ አትዝጉት። ትርጉሙን አስቀድሞ እያዘጋጀ ነው፤ ይህን ከጨረሰ ጌሙ መሀል ላይ አይንቀጠቀጥም። የቸኮለ መዝለል ይችላል። ዋጋው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ቆም ቆም ማለት ነው።

ጆይስቲክ ካላችሁ በገመድ ሰክታችሁ ሞክሩ። የፕሌይስቴሽን 4ና 5፣ የኤክስቦክስም ያለ ድራይቨር ይሠራሉ። ወንድሜ በሙሉ ልቡ ፈገግ ያለው እዚህ ጋ ነበር።

ደረጃ 8፦ ያስቀመጣችሁትን ጌም መመለስ

ያወረዳችሁት ትንሽ ጌም ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ "ማኔጅ"፣ ከዚያ "ብራውዝ ሎካል ፋይልስ" በሉ። የጌሙ ፎልደር ይከፈታል። አንድ ደረጃ ወደ ላይ ውጡ። "ኮመን" ውስጥ ናችሁ። ከውጫዊው ዲስክ የጌሙን ፎልደር ስሙን ሳትቀይሩ እዚህ ለጥፉት። ከዚያ ስቲም ውስጥ የዚያን ጌም "ኢንስቶል" ተጫኑ። ስቲም ከማውረድ በፊት ያለውን ፋይል ያገኝና ይመረምራል፣ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። 70 ጂቢ የነበረው ጥቂት መቶ ሜጋባይት ሲሆን ማየት ደስ ይላል።

ጓደኛችሁ ያው ጌም ካለውና አንድ ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁ ሌላ መንገድም አለ። ስቲም ከ2023 ጀምሮ ጌምን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በቤት ውስጥ ኔትወርክ ያስተላልፋል። ሁለታችሁም ሴቲንግስ፣ "ዳውንሎድስ" ውስጥ "ሎካል ኔትወርክ ጌም ትራንስፈር" የሚለውን ለጓደኛ ክፈቱ። ጌሙ ከጓደኛችሁ ማሽን ይመጣል። ዳታችሁ አይነካም ለማለት ይቻላል።

አሁን እኔን ሁለት ቀን የፈጀብኝን ስህተት ልንገራችሁ። የራሴ ኮምፒውተር ላይ ሁለተኛ ዲስክ ነበረኝ፤ ከዊንዶውስ ዘመን ጀምሮ ጌም የሞላበት። ለምን እገለብጣለሁ ብዬ ስቲምን "ጌሞቹ እዚያ ናቸው" አልኩት። አገኛቸው። ደስ አለኝ። "ፕሌይ" ስል ግን ቁልፉ "ስቶፕ" ይሆንና ከሦስት ሰከንድ በኋላ ተመልሶ "ፕሌይ" ይሆናል። መልእክት የለ፣ ስህተት የለ። ፕሮቶን ቀየርኩ። ድራይቨር ቀየርኩ። ጥፋቱ ዲስኩ ፎርማት የተደረገበት መንገድ ላይ ነበር። ዊንዶውስ የሚጠቀመው ኤንቲኤፍኤስ ነው። ሊኑክስ ያነበዋል፣ ይጽፍበታልም። ፕሮቶን ግን ለእያንዳንዱ ጌም የሚሠራት ትንሽ የዊንዶውስ ቤት አለች፤ እሷ ኤንቲኤፍኤስ ላይ በደንብ አትቆምም። ስለዚህ የጌም ዲስካችሁን ባዶ አድርጋችሁ "ዲስክስ" በሚለው ፕሮግራም ኢኤክስቲ4 በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ፎርማት አድርጉት፤ ጌሞቹን ከዚያ በኋላ መልሷቸው። ዊንዶውስ ያን ዲስክ ከዚያ ወዲያ አያነበውም፣ እሱን እወቁት።

ከስቲም ውጪ ያለውስ?

ኤፒክና ጎግ የሚባሉት የጌም መደብሮች ላይ የገዛችሁት ወይም በነፃ የሰበሰባችሁት ካለ "ሂሮይክ ጌምስ ላውንቸር" አስጭኑ። ሁለቱንም አካውንት በአንድ መስኮት ያመጣል። በሴትአፕ ፋይል ለመጣ ጌም ደግሞ "ሉትሪስ" ወይም "ቦትልስ" አለ። ከኮምፒውተር ቤት በሀርድ ዲስክ ተቀድቶ የመጣ ጌም ይሠራል ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። አንዳንዱ ይከፈታል፣ አንዳንዱ አይከፈትም። ሲበላሽም እርዳታ የሚጠየቅበት ቦታ የለም። ቫይረሱም አብሮ ይመጣል። ከምር ከጠየቃችሁኝ ቅናሽ ሲመጣ አንድ ሁለት አሮጌ ጌም መግዛት ይሻላል።

ጌሙ ሲያስቸግር

መጀመሪያ የፕሮቶኑን ስሪት ቀይሩ። ጌሙ ላይ በቀኝ ክሊክ፣ "ፕሮፐርቲስ"፣ "ኮምፓቲቢሊቲ"፣ ከዚያ ከዝርዝሩ ሌላ። አዲስ ጌም ካልተነሳ "ኤክስፐሪሜንታል" የሚለውን ሞክሩ። ከላይ ያነሳኋቸው አሮጌዎቹ የኤንቪዲያ ካርዶች መላ እዚሁ ነው፤ ፕሮቶን 7.0ን ምረጡ። ከ8.0 ጀምሮ ያሉት ቩልካን 1.3ን ይጠይቃሉ፤ ቩልካን አስተርጓሚው ግራፊክስ ካርዱን የሚያናግርበት ቋንቋ ነው፣ እነዚያ ካርዶች ደግሞ የላቸውም። አሮጌ ጌሞችን በ7.0 መጫወት ይቻላል።

ጌሙ ተከፍቶ ቪዲዮው ጥቁር ከሆነ ወይም ድምፅ ብቻ ከተሰማ፣ "ፕሮቶንአፕ" በሚባለው መሣሪያ ጂኢ-ፕሮቶንን አስጭኑና ስቲምን ዘግታችሁ ክፈቱት። ይህ በፈቃደኞች የሚሻሻል ስሪት ነው፤ የቪዲዮ ችግሮችን ቶሎ ያስተካክላል። ያም ካልሆነ ፕሮቶንዲቢ ተመለሱና የቅርብ ጊዜ አስተያየቶችን አንብቡ። ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር እናንተ የተያዛችሁበት ላይ ሌላ ሰው ተይዞ መፍትሔውን ጽፎታል።

ፍጥነቱን በተመለከተ ተአምር አትጠብቁ። በዳይሬክትኤክስ 11 የሚሄዱ ጌሞች የወንድሜ ማሽን ላይ ከዊንዶውሱ ጋር ልዩነታቸው በዓይን አይታይም። በ12 የሚሄዱት ኤንቪዲያ ላይ ትንሽ ሊያነክሱ ይችላሉ፤ ሴቲንጉን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ነው።

የሚንቱን ፍላሽ ቶሎ ፎርማት አታድርጉት። አንድ ቀን ማሽኑ አልነሳም ሲል ከእሱ አስነስታችሁ ታይምሺፍትን ትከፍታላችሁ። ወደ ዊንዶውስ መመለስ ካማራችሁም፣ በዚያ ማሽን ላይ በሕጋዊ መንገድ አክቲቬት ሆኖ የነበረ ዊንዶውስ 10 እንደገና ሲጫን ብዙውን ጊዜ ማዘርቦርዱን አውቆ ራሱ ይከፈታል።

ወንድሜ ዊንዶውሱን አላስመለሰም። ፊፋውን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ይጫወታል። ላፕቶፑ ላይ ዶታ ነው፤ ትናንት ማታም እስከ ስምንት ሰዓት አልተኛም።